እሑድ ጠዋት ማን ቤት ይቀራል? ለብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና ስለ መምረጥ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የምትኖሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁና በዚህ ዓመት መኪና ለመግዛት እየመከራችሁ ከሆነ፣ ስለ ባትሪና ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ያሰባችሁት መኪና ተገዝቶ እሑድ ጠዋት በራችሁ ላይ ቢቆም ማን ይገባበታል? ማንስ ቤት ይቀራል?

እስቲ ቁጠሩ። አባትና እናት፣ ሦስት ልጆች። አያት አሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ ይቸግራቸዋል። አብራችሁ የምትኖረው የቤት ሠራተኛም አለች፤ እርሷም አምልኮና ኅብረት ያስፈልጋታል። ሰባት ነፍስ ሆነ። በግቢው ውስጥ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽላችሁ ውሻ አለ። ይህ በብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ቁጥር ነው። በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ግን የሚይዙት አምስት ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው መኪና ሲገዛ ቤተሰቡን ለሁለት ይከፍላል። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ይሄዳሉ፤ አያትና ሠራተኛዋ ደግሞ ‹‹ቤቱን ጠብቁ›› ተብለው ይቀራሉ።

ምርጫው ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት ዞረ?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ፣ ከኤሌክትሪክ በስተቀር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ አስቀድሞ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የ15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ስለ ተወደደ፣ ከዚያ በፊት የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ገበያ አትውጡ። የታክሱንም ነገር ከሻጩ ሳይሆን ከጉምሩክ አስተላላፊ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው መመሪያ ይለዋወጣል። በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች መንዳታቸውም ሆነ መሸጣቸው አልተከለከለም። ስለዚህ ማንም ‹‹አማራጭ የላችሁም፤ ዛሬውኑ ፈርሙ›› ቢላችሁ አትጣደፉ።

ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ይህ ነገር አንድ የሚያስደስት ጎን አለው። የነዳጅ ቦቴ ከጂቡቲ ተነሥቶ በከተማችን በኩል ሲያልፍ ዘመናችንን ሁሉ አይተናል። የአዳማ ሰው ቀና ብሎ ኮረብታውን ሲያይ ደግሞ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያያል። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ቆቃ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያመነጫል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። መኪናችሁን የሚያስኬደው ኃይል እግዚአብሔር በምድራችን ካኖረው ነፋስና ውኃ የሚገኝ መሆኑ ያስመሰግናል። መብራት በሰፈራችሁ ሲጠፋ ግን ይህ ምስጋና ጎማ አያሽከረክርም፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

ወንበሩን ቁጠሩ፣ ከዚያም የኋላውን በር ክፈቱ

ሰባት ሰው የሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ሲባል በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በቻይና የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ስሙ የጀርመን ቢሆንም ፋብሪካው ለእኛ ብሎ አላዘጋጀውም። ስለዚህ ‹‹ዋስትናውን የሚሰጠን ማን ነው? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ስክሪኑ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሯል ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በውል ላይ አስፍሩት። ሌላው ባለ ሦስት ረድፍ ቢዋይዲ ታንግ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ አንዱ ዓይነት በኤሌክትሪክ ብቻ ሲሠራ ሌላው ቤንዚንም የሚጠቀም ስለ ሆነ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። በነገራችን ላይ ‹‹ዶልፊን ገዛን›› የሚል ዘመድ ቢያጋጥማችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት። ድሮ የምናውቀው ዶልፊን ሰፈሩን ሁሉ የሚጭነው ሚኒባስ ነበር፤ የቢዋይዲው ዶልፊን ግን አምስት ሰው የሚይዝ ትንሽ መኪና ነው።

ሻጩ ሦስተኛውን ረድፍ ዘርግቶ ‹‹ይኸው፣ ሰባት›› ይላችኋል። እናንተ ግን ሰባቱ ወንበሮች እንደ ተዘረጉ የኋላውን በር ክፈቱ። የምታዩት ቦታ ለጥቂት ቦርሳ የሚበቃ ነው። ለበዓል ወደ አሰላ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ የሚጫነውን አስቡ፤ የልጆች ልብስ፣ የአያት ፍራሽ፣ ስትመለሱ ደግሞ የተሰጣችሁ ስንዴና ቅቤ። ‹‹ጣሪያው ላይ እንጭነዋለን›› አትበሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጫን ነፋስ ይዞት ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጣሪያው የሚችለው ክብደትም ጥቂት ነው። በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ መኪናው ሰውና ዕቃ ተጭኖ ሊመዝን የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ይናገራል። ከዚያ ላይ የባዶውን መኪና ክብደት ቀንሱና የቀረውን ከቤተሰባችሁና ከዕቃችሁ ኪሎ ጋር አስተያዩት።

አይዲ 6 ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ወንበር ሆኖ ተሠርቷል። ባለ ስድስቱ መካከለኛው ረድፍ ላይ ሁለት የተነጣጠሉ ወንበሮች ስላሉት በመካከላቸው ወደ ኋላ ማለፍ ይቻላል። ያምራል፤ ነገር ግን ሰባተኛውን ሰው ቤት ያስቀራል። አያትን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አትላኩ። እዚያ ለመግባት ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ ሲቀመጡም ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል። ታላላቆቹ ልጆች ኋላ ይግቡ፣ አያት መካከል በበሩ በኩል ይቀመጡ። ትንሹን ልጅ ሰው ላይ ደርቦ ማስቀመጥ ግን በፍቅርም ቢሆን አይገባም፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝ እናት በክንዷ ይዛ ልታስቀረው አትችልም። አይዲ 6 ርዝመቱ 4 ሜትር ከ88 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግቢያችሁንና በራችሁን በሜትር ለኩ።

ሰባት መሆናችሁ በየሳምንቱ ነው ወይስ በዓመት አራት ጊዜ? በየሳምንቱ ከሆነ ባለ ሦስት ረድፉን ፈልጉ። በዓመት አራት ጊዜ ከሆነ ግን እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አምስት ሰው የሚይዝ አነስተኛ መኪና ገዝታችሁ ለበዓል ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያናችሁ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ እሑድ ጠዋት ሁለት ጊዜ መመላለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ መጀመሪያ አያትንና ሠራተኛዋን አድርሱ።

የተጻፈው ርቀትና የአሰላ ዳገት

የአይዲ 6 ትልቁ ባትሪ ለአገልግሎት የሚውለው መጠኑ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል፣ የትንሹ ደግሞ 58 ነው። መኪናው በቻይና ሲወጣ በትልቁ ባትሪ እስከ 588 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነበር። ይህ ቁጥር የተገኘው በመለኪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰባት ሰው፣ ሻንጣ፣ የአዳማ ሙቀትና ፈጣን መንገድ አልተጨመሩበትም። ሙሉ ቤተሰብ የጫነ ትልቅ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል። በዚህ ስሌት ትልቁ ባትሪ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል ማለት ነው፤ ያውም እስኪያልቅ ድረስ ከተነዳ ነው።

አሁን ወደ አሰላ እንውጣ። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ስትሆን አሰላ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሰዎቹን ጨምሮ ሦስት ቶን የሚጠጋ መኪና 800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። ከመንገዱ ጋር ሲደመር 23 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከትልቁ ባትሪ ወደ 30 በመቶ፣ ከትንሹ 40 በመቶ ነው። ደስ የሚለው ስትመለሱ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ሲወርድ የሚወጣው በእጅጉ ያንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞም በባትሪው ላይ እኩል አይታይም፤ ወደ ላይ የሚሄደው ይበልጥ ይበላል። በፈጣን መንገዱ ላይ በሰዓት 120 ከመንዳት በ90 መንዳት ባትሪውን በጣም ይቆጥባል።

ወደ ሐዋሳ ለጉባኤ ስትሄዱስ? ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በትልቁ ባትሪ ሙሉ አድርጋችሁ ከወጣችሁ ሲሶ ያህል ተርፏችሁ ትደርሳላችሁ። በትንሹ ግን መድረሳችሁ አጠራጣሪ ስለ ሆነ መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረግ የግድ ነው። ‹‹ባቱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ አለ አሉ›› በሚል ወሬ ልጆች ጭናችሁ አትውጡ። ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ መብራት መኖሩን፣ መሣሪያው መሥራቱንና ሶኬቱ ለመኪናችሁ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢ ቲ የተባለውን ሶኬት ይጠቀማል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ 2 የተባለውን። አንዱ በሌላው አይገባም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስመርምሩ፤ የተነዳበትን ኪሎ ሜትር ብቻ አትመኑ። የባትሪውንም ዓይነት ጠይቁ። የአይዲ 6 ዓይነቱ በየቀኑ እስከ 80 በመቶ ብቻ ቢሞላና ለረጅም ጉዞ ብቻ መቶ ቢደረግ ዕድሜው ይረዝማል። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ግን ሙሉ መሞላትን በተሻለ ይችላል።

መብራቱ ከማን ቆጣሪ ነው?

ከተራ የቤት ሶኬት 10 አምፔር ብትስቡ 2.2 ኪሎ ዋት ያህል ታገኛላችሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተሰክቶ ቢያድር በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ይህ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳችኋል። በአዳማ ውስጥ ለሚመላለስ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ግን ምጣዱና መኪናው በአንድ ጊዜ አይሁኑ። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት የምታውቀው እመቤቲቱ ናት፤ ወንድሞች ሆይ፣ ሳትጠይቋት መኪናውን አትሰኩ።

ከሁሉ በፊት ግን ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ገመዱ፣ ብሬከሩና ኧርዙ ደኅና መሆናቸውን አስፈትሹ። የኤክስቴንሽን ገመድ በመስኮት አውጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ቤት ያቃጥላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መወሰኑንም በስሌታችሁ ውስጥ አስገቡ። ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛው ተመን ስለሚከፍል፣ መኪናው የቤቱን መብራት ጭምር ያስወድደዋል።

ተከራይ ከሆናችሁስ? አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ መኪና ቻርጅ ማድረግ ከጎረቤት ያጣላል። ከመግዛታችሁ በፊት ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የራሳችሁን መለኪያ አስገጥሙ፤ ለተጠቀማችሁት ክፈሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ልማድ አድርጉት። ሌሊት ልጅ ቢታመም ‹‹መብራት ይምጣ›› ተብሎ አይጠበቅም።

ውሻውስ?

‹‹ውሻ ደግሞ በመኪና!›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን የግቢ ውሻም በዓመት አንድ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመውሰድ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ አለበት። ይህ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነከሱትም ልጆች ናቸው። ቤት ስትለውጡም ጥላችሁት አትሄዱም። በምሳሌ 12፥10 ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚያስብ ተጽፏል። በባለ ሰባት ወንበር መኪና ሦስተኛው ረድፍ ግማሹ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ስድስት ሰውና ውሻው አብረው ይሄዳሉ። አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉለት፣ እሰሩት፣ ከፊት ወንበር ግን አርቁት።

በተዘጋ መኪና ውስጥ በአዳማ ፀሐይ ውሻም ሆነ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ አይተው። የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞም አየሩን ማቀዝቀዝ ይችላል፤ ሆኖም በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ቁልፍ ተጭናችሁ የፍጥረትን ነፍስ ለእርሱ አደራ አትስጡ። ግቢ ውስጥ ደግሞ ቡችላ ገመድ ማኘክ ይወዳል። የቻርጅ ገመዱ መሬት ላይ ተጥሎ አይደር፤ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ

እስከ አሁን የጻፍነው ሁሉ በቁጥር ይፈታል። ይህኛው ግን ትዳርን ይነካል። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ የቆሙትን መኪኖች እያየን ‹‹እኛስ?›› የምንል ብዙዎች ነን። ‹‹ጌታ መኪና ሰጠን›› ተብሎ ሲመሰከር እልል እንላለን፤ የወር ክፍያው ግን በመድረክ ላይ አይነገርም። ባል ከባንክና ከጓደኛ ተበድሮ፣ እቁቡንም አስቀድሞ ወስዶ፣ ለሚስቱ ግማሹን ብቻ ነግሮ ፈርሞ የሚመጣበት ቤት አለ። ሚስትም ‹‹የእገሌ ባል ገዛላት›› እያለች ባሏን ከአቅሙ በላይ የምትገፋበት ቤት አለ። ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ ሰውዬው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ነው የገለጠው። እናንተም ተቀመጡ፤ ሁለታችሁም።

የመኪናውን ዋጋ፣ የብድሩን ወለድ፣ ኢንሹራንሱን፣ የኤሌክትሪሺያኑን ሥራ፣ ከባድ መኪና ቶሎ የሚጨርሰውን ጎማ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጎኑ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ፣ አሥራታችሁን፣ ለወላጆቻችሁ የምትልኩትን ጻፉ። ከዚያ ‹‹ከሁለታችን የአንዳችን ገቢ ለስድስት ወር ቢቋረጥ የትኛውን እናቆማለን?›› ብላችሁ ተጠያየቁ። የመጀመሪያው መልስ የወላጆች ርዳታ ወይም የልጆች ትምህርት ከሆነ ይህ መኪና ለእናንተ ገና ነው። አንዳችሁ ሰላም ካጣችሁም ቆዩ፤ ጸልዩበት፣ የትዳር አማካሪያችሁን ወይም በገንዘብ ጉዳይ የበሰለ ሽማግሌ አነጋግሩ። ሻጩ ‹‹ነገ ይጨምራል›› ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዋጋ ጭማሪን ለመሸሽ ተብሎ የተፈረመ ዕዳ ስንት ቤት እንዳናጋ መጋቢዎቻችሁን ጠይቁ።

ተስማምታችሁ ከጨረሳችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ለሙከራ ለዩ። ማለዳ በብርዱ ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ ይሁን። አያትን ጨምሮ ሰባታችሁም ግቡ፤ ማቀዝቀዣውን ክፈቱና በዴራ በኩል ወደ ኢተያ ዳገት ውጡ። ስትነሡ ባትሪው ስንት በመቶ እንደነበረ አንዱ ልጅ ይጻፍ፤ ስትደርሱ ይጻፍ፤ ስትመለሱም ይጻፍ። ከሠፈር ኮብልስቶን ወደ ግቢያችሁ ስትገቡ የመኪናው ሆድ መሬት እንዳይነካ እዩ፤ ባትሪው ያለው እዚያ ነውና። በክረምት ጎርፍ የሚያልፍበትን መታጠፊያም አሳዩት። አያትን ‹‹እንዴት ነበር?›› ብላችሁ ጠይቁ፣ ኋላ የተቀመጡትንም ጠይቁ። ሻጩ ‹‹ሰባታችሁም?›› ብሎ ቢገረም አትፈሩ፤ አይሆንም ካለ ደግሞ ቢሾፍቱም አዲስ አበባም ሌላ ሻጭ አለ።